ከቻሞ የመጣው ዓሣ ከባሕሩ የበለጠበት እራት

ጋሼ የምግብ ዝርዝሩን ከሁላችን ቀድመው አንብበው ጨረሱ። ባለቤቴና እኔ የአማርኛውን ዓምድ ገና በጣታችን እየተከተልን ሳለ፣ እርሳቸው በፈረንሳይኛው እስከ ታች ወርደው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ቆሞ የሚጠብቀውን አስተናጋጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ቅቤ ላይ እንዴት ናችሁ?» ወጣቱ ጥያቄውን ስለ አበሻ ቅቤ አድርጎ ተረድቶት «አይ ጋሼ፣ የአገር ቤት ቅቤ ምግባችን ውስጥ አይገባም» ሲል በትሕትና መለሰላቸው። ጋሼ ግን የጠየቁት ሌላ ነበር። የባለቤቴ አጎት ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ድሬዳዋ፣ ድርጅቱ ገና የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ይባል በነበረበት ዘመን ነው፤ ፈረንሳይኛውንም የባሕር ዓሣ መብላቱንም የለመዱት በዚያው በጅቡቲ መስመር ላይ ነው። የፈረንሳይ ዓሣ ቤት ከዓሣው ባልተናነሰ በቅቤ አያያዙ እንደሚፈተን ያውቃሉ፤ ምሽቱ ሲያልቅ እኔም ጥያቄያቸው ትክክለኛው ጥያቄ እንደነበረ ገባኝ።

ምግብ ቤቱ ከብሔራዊ ቴአትር በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ሥፍራ፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። ስሙን የማልጠቅሰው ከዚህ በታች ከምተርካቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ቅሬታ ስለሆኑና የአንድ ምሽት ቅሬታ በቤቱ ላይ ተለጥፎ እንዲቀር ስለማልፈልግ ነው። የመኪና ማቆሚያ በአቅራቢያው ስላላገኘን ራቅ አድርገን አቁመን በእግር መጣን፤ ይህም ጋሼ አስጎብኚ እንዲሆኑ ምክንያት ሆነ። ከቴአትሩ አጠገብ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የቀረጸው ሞሪስ ካልካ ፈረንሳዊ እንደነበረ፣ የንግድ ባንክን ክብ ሕንፃ የነደፈው ሄንሪ ሾሜትም እንዲሁ ፈረንሳዊ እንደሆነ፣ ቁልቁል ወርደን የምናገኘው ለገሃር ደግሞ ስሙን የወሰደው በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ከመጣው «ላ ጋር» ከሚለው ቃል እንደሆነ እየነገሩን በሩ ላይ ደረስን። «እንግዲህ ፈረንሳይ ለዚህ ሰፈር ባዳ አይደለም፤ ባዳው ባሕሩ ነው» አሉ ደረጃውን እየወጡ። ነገሩን ያሉት ለጨዋታ ነበር፤ የምሽቱ ጉዳይ ግን ከዚህ ብዙም አልራቀም።

ክፍሉ ሠላሳ ያህል ሰው ይይዛል። የጠረጴዛ ልብሱ ነጭና በደንብ የተተኮሰ ነው፣ መብራቱ ምግብን ለማየት ይበቃል፣ ሙዚቃው ጨዋታ አያቋርጥም። ስለ አቀማመጡ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ በዚህ ዋጋ ይህ ሁሉ መኖር የሚገባው ነው።

የምግብ ዝርዝሩ ግን ጊዜ ሰጥቶ መነበብ ያለበት ነው። ፈረንሳዮች ከዓሣ ውጭ ከባሕር የሚወጣውን ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና በዛጎል ውስጥ የሚኖረውን ሁሉ በአንድ ላይ «የባሕር ፍሬ» ይሉታል። ጋሼ ይህን ሲተረጉሙላት ባለቤቴ «ፍሬ ከሆነማ ለጾምም ይሆናል» ብላ ሳቀች፤ ነገር ግን ለእርሷ ለጾምም ለፍስክም የማይሆነው ይኸው ነው። እንደ አብዛኛው ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ እርሷ ያደገችው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሥርዓት፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ በማይበላበት ቤት ነው፤ አምባዛን እንኳ በልጅነቷ ቀምሳ አታውቅም። በዚህ መለኪያ የዝርዝሩ ግማሽ ያህሉ ተዘጋባት። ዛጎል ያላቸው ሁሉ ይቀራሉ፤ ኦክቶፐስና ስኩዊድም ይቀራሉ፤ ከዓሣዎቹ መካከል ደግሞ ፈረንሳዮች «ሎት» የሚሉት ትልቅ አፍ ያለው የባሕር ዓሣ ቅርፊት ስለሌለው ይቀራል። ሶልና ባር የተባሉት ቅርፊት ስላላቸው ይፈቀዳሉ። ይህን ሁሉ የነገረን ዝርዝሩ ሳይሆን ጋሼ ናቸው። በአዲስ አበባ መሀል የባሕር ምግብ የሚሸጥ ቤት የትኛው ዓሣ ቅርፊት እንዳለው በአንዲት ትንሽ ምልክት ለማሳየት ምን እንደሚከብደው አልገባኝም። ለሙስሊም እንግዶችም ተመሳሳይ ነገር መባል አለበት፤ ከሶሶቹ ብዙዎቹ ነጭ ወይን የገባባቸው ሲሆኑ በዝርዝሩ ላይ ይህ የተገለጸው በሁለቱ ብቻ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ያማራቸው በፈረንሳይኛ «ዊትር»፣ በእንግሊዝኛው ስሙ ደግሞ ኦይስተር የሚባለው፣ በበረዶ ላይ ተደርድሮ በጥሬው የሚበላው ነበር። ስድስቱ 4,800 ብር ነው። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ በማድረግ «ጋሼ፣ የሚገባልን ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ዛሬ ማክሰኞ ስለሆነ ባያዙት ይሻላል» አላቸው። በዚያ ምሽት ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ይህን ያህል ያስደሰተኝ የለም። ኦይስተር የሚበላው በሕይወት እያለ ነው፤ ከባሕር ከወጣ በኋላም በቅዝቃዜ ውስጥ ዛጎሉን ገጥሞ ለቀናት ይቆያል፤ ነገር ግን አምስተኛው ቀን ላይ ያለ ኦይስተርን በ4,800 ብር ለመሸጥ የማያቅማማ ብዙ ቤት ይኖራል። ወደዚያ የምትሄዱት ለእርሱ ከሆነ ሐሙስ ወይም ዓርብ ሂዱ፤ ዓርብ ለብዙዎቻችን የማይሆን ቀን ስለሆነ ሐሙስ ማለት ነው። ቁጥሩንም ልብ በሉ፦ በፈረንሳይ አሠራር ቁጥሩ ሲያንስ ኦይስተሩ ይተልቃል፤ ስለዚህ 2 ቁጥር ከ4 ቁጥር ይበልጣል።

የጀመርነው በዓሣ ሾርባ ነው። ዝርዝሩ ቡያቤስ አይለውም፤ «የዓሣ ሾርባ» ብቻ ይለዋል፤ ይህም በኋላ እንደተረዳሁት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቡያቤስ የማርሴይ ወደብ ምግብ ነው፤ የከተማዋ ምግብ ቤቶች ባለቤቶች በ1980 እ.ኤ.አ. በአንድ ሰነድ ላይ ተስማምተው ሾርባው ውስጥ መግባት ያለባቸውን የዓሣ ዓይነቶች ሳይቀር ጽፈዋል፤ ከእነዚያም ዋነኛው በሜዲትራኒያን ዐለቶች ሥር የሚኖረው ራስካስ ነው። ራስካስ ሳይኖር ስሙን መጠቀም ለማያውቅ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለሚያውቅ ግን ያለ ጤፍ የተጋገረን ነገር የጤፍ እንጀራ ብሎ እንደ መሸጥ ነው። ይህ ቤት ስሙን አልሰረቀም።

ሾርባው ጡብ የመሰለ ቀይ ነው፤ አጥንቱና ጭንቅላቱ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲም፣ ከእንስላልና ከሳፍሮን ጋር ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶና ተጠልሎ ስለሚቀርብ በማንኪያው ውስጥ የሚታይ ሥጋ የለውም። ከጎኑ በነጭ ሽንኩርት የታሸ የደረቀ ዳቦ፣ የተፈቀፈቀ ቺዝ፣ እንዲሁም «ሩዊ» የሚባል ቀላ ያለ ማባያ ይመጣል። ሩዊ በፈረንሳይኛ ዝገት ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሳፍሮን፣ ቃሪያና ዘይት ያለበት በመሆኑ ለእኛ ምላስ ከዳጣ የራቀ አይደለም፤ ማቃጠሉ ግን ልጅ እንኳ የማያስለቅስ ነው። ዳቦውን ሩዊ ቀብቶ፣ ቺዙን በላዩ አድርጎ ሾርባው ላይ ማንሳፈፍ፣ ከዚያም ዳቦው ራስ ብሎ ሳይፈርስ በማንኪያ ማንሣት ነው። ጋሼ ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ሾርባው ከከንፈር ጋር በጥቂቱ ይጣበቃል፤ ይህ የሚሆነው ከአጥንቱ በቂ ጄላቲን ሲወጣ ብቻ ነው፣ በዱቄት የተወፈረ ሾርባ አይጣበቅም። ዋጋው 950 ብር ነው፤ በዚያ ቤት ካለው ሁሉ ለገንዘቡ የሚመጥነው ይህ ይመስለኛል።

ባለቤቴ ሾርባውን አላዘዘችም። ሽሪምፕ እንዳለበትና እንደሌለበት አስተናጋጁን ጠይቃ እርግጠኛ እንዳልሆነ ሲነግራት ተወችውና ባሮ ሽንኩርት በሰናፍጭ ሶስ ወሰደች። ወጥ ቤት ገብቶ ቢጠይቅላት ኖሮ የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ጋሼና እኔ በመካከል «ሙል» የሚባለውን ጥቁር ዛጎል ያለውን ተካፈልን፤ በነጭ ወይን፣ በደቀቀ ሽንኩርትና በፐርሰሜሎ እንፋሎት ዛጎሉ እስኪከፈት ብቻ የሚበስል ነው። ከድስቱ ውስጥ ወደ አሥር የሚሆኑት አልተከፈቱም፤ ያልተከፈተ አይበላም፤ 2,400 ብር የተከፈለበት ድስት ሩብ ያህሉ መልሶ መሄዱ አልጣመንም። መረቁ ጥሩ ነበር፤ በዳቦ ጠርገን ጨረስነው።

ከዚህ በኋላ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። ምክንያቱን የነገረን ሰው አልነበረም።

ሶል ሙኒዬር ሲመጣ ግን ጥበቃውን ለጊዜው ረሳነው። ሙኒዬር ማለት የወፍጮ ቤት ባለቤት ሚስት ማለት ነው፤ ዓሣው ዱቄት ተነስንሶበት በቅቤ ስለሚጠበስ የወጣለት ስም ነው። ምግቡ ከዱቄት፣ ከቅቤ፣ ከሎሚና ከፐርሰሜሎ በቀር ምንም የለውም፤ ስለዚህ ስሕተት የሚደበቅበት ቦታ የለውም። አስተናጋጁ ጠፍጣፋውን ዓሣ ሙሉውን በሳህን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛችን አጠገብ ባለች አነስተኛ ጋሪ ላይ አስቀመጠው። በማንኪያው ጠርዝ ከራስ እስከ ጭራ በመሀል አጥንቱ ላይ አንድ መስመር አሰመረ፤ ከዚያም ሹካውንና ማንኪያውን እንደ መቆንጠጫ አድርጎ የላይኛውን ሁለት ፊሌቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋቸው፣ ሙሉውን አጥንት እንደ ማበጠሪያ ብድግ አድርጎ አወጣው፤ ከሥሩ ሌሎች ሁለት ፊሌቶዎች ተገኙ። አንድም እሾህ አልቀረ፣ አንድም ቁራጭ አልተሰበረም። ጋሼ ይህን ሁሉ የተመለከቱት እንደ ባቡር ተቆጣጣሪ እጃቸውን አጣምረው ነበር፤ ሲያበቃ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ከዚያ ሌላ ልጅ ከወጥ ቤት በትንሽ መጥበሻ የሚንጫጫ ቅቤ ይዞ መጥቶ ዓሣው ላይ አፈሰሰው። ሽታው ቤታችን ቅቤ ሲነጠር፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ከመግባታቸው በፊት፣ አረፋው ተገፎ የሥሩ ዝቃጭ ቡናማ መሆን ሲጀምር የሚወጣው ሽታ ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሰለኝ። ፈረንሳዮች ይህን ሐዘልነት በተባለው የለውዝ ዓይነት ስም «የሐዘልነት ቅቤ» ይሉታል፤ ከዚያች ቅጽበት አንድ ደቂቃ ቢያልፍ ይመራል። አላለፈም። የጋሼ ጥያቄ መልሱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ቤት ቅቤ ያውቃል።

ዓሣው ግን ቅቤውን አልመጠነውም። ትኩስ ሶል ጠንካራ ሥጋ አለው፤ ሹካ ሲነካው ጥቂት ይታገላል። ይኸኛው ለስልሶ ነበር፤ ከሥሩም ውኃ እየወጣ ቅቤውን ቦታ ቦታ ላይ አሳሳው። ቀስ ብሎ የተቀዘቀዘ ዓሣ ውስጥ የሚፈጠረው ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ሥጋውን ከውስጥ ስለሚቀደው፣ በረዶው ሲቀልጥ ያቆረውን ውኃ መያዝ ያቅተዋል። በረዶ የነካው ዓሣ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ባሕር ከሌለን ወዲህ ሌላ ምን ይደረጋል? ነውሩ ዝርዝሩ ላይ «ትኩስ» ተብሎ መጻፉና ለእርሱም 4,200 ብር መጠየቁ ነው። ጋሼ እስከ መጨረሻው በሉት፤ ሲጨርሱ ግን ሹካቸውን አስቀምጠው በእርሳቸው ጊዜ ጓደኞቻቸው ከጅቡቲ በሌሊቱ ባቡር፣ በበረዶና በሰጋቱራ የታጨቀ ዓሣ እንዴት ያመጡላቸው እንደነበር አወጉንና «ይኼ በአውሮፕላን መጣ የሚባለው፣ በእኛ ባቡር ቢመጣ ይሻለው ነበር» አሉ።

ወደ ባለቤቴ ሳህን ስመጣ የምሽቱን ትልቁን ስሕተት መናገር አለብኝ። ያዘዘችው ባር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር ዓሣ ነው። ለአስተናጋጁ ቅርፊት የሌለው ነገር እንደማትበላ አስቀድማ ነግራዋለች፤ እርሱም ማስታወሻው ላይ ሲጽፍ አይተናል። ዝርዝሩ ዓሣው «በሮዝ ሶስ» እንደሚቀርብ ይላል እንጂ ሶሱ ከምን እንደተሠራ አይልም። ሳህኑ ቀርቦ ሹካዋን ስታነሣ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው «ቆይ አንቺ ልጅ፣ አትቅመሺ» አሏት። ሽታውን ከጅቡቲ ያውቁታል። ሶሱ ቢስክ ነበር፤ የሽሪምፕ ዛጎልና ጭንቅላት በቅቤ ተጠብሶ፣ በቲማቲምና በኮኛክ ተቀቅሎ፣ ተጠልሎ፣ ክሬም ገብቶበት የሚሠራው ማለት ነው። ዓሣው ተፈቅዶላት ሶሱ ተከልክሎባት ነበር። አስተናጋጁ በጣም ደነገጠ፤ የጻፈው «ሽሪምፕ የለም» የሚል ሲሆን፣ ወጥ ቤት ያሉትም ሳህኑ ላይ ሽሪምፕ እንዳይደረግ አድርገው ተረድተውታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለቤቱ የሚያስመሰግን ነው። ማንም አልተከራከረም፣ «ትንሽ እኮ ነው» ያለንም የለም። ዋና አብሳይዋ ራሷ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀች፤ ማርሴይ ውስጥ ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች ኢትዮጵያዊት ናት። ሶሱን ጠርገው ያንኑ ዓሣ እንዳያመጡት ባለቤቴ ሳትጠይቅ፣ አዲስ ዓሣ በታጠበ መጥበሻ እንደሚሠራ እርሷው ቀድማ ተናገረች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ በሎሚና በወይራ ዘይት ብቻ የተጠበሰ ሌላ ባር መጣ፤ ቆዳው ጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሽ፣ ጨዋታ የሌለበት ጥሩ ዓሣ ነበር። በመሀሉ ጋሼና እኔ በልተን መጨረሳችን፣ ባለቤቴም ብቻዋን መብላቷ ግን የማይመለስ ነገር ነው። የምግብ ሕግ የሚጠብቅ ሰው እዚያ ቤት ሲገባ «ምን የለበትም?» ሳይሆን «ሶሱ ከምን ተሠራ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል፤ በፈረንሳይ ወጥ ቤት ጉዳዩ ሁሉ ያለው ሶሱ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሳህን። እኔ ያዘዝሁት በዝርዝሩ ግርጌ፣ ከባሕሮቹ ሁሉ በታች፣ እንደ ማሟያ በአንድ መስመር የተጻፈውን ነው፦ የቻሞ ናይል ፐርች በነጭ ቅቤ ሶስ፣ 1,950 ብር። እውነቱን ለመናገር ያዘዝሁት በዋጋው ነው። ቻሞ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ዓሣው በበረዶ ሣጥን ሆኖ በሌሊት በመኪና ተጉዞ ማለዳ ይደርሳል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ መደንደን ሳያስፈልገው ለእራት ይበቃል። ፊሌቶው ሁለት ጣት ይወፍራል። አንድ ጎኑ ብቻ በመጥበሻ ቀልቶ፣ የቀረው በሙቀቱ ቀስ ብሎ የበሰለ ነው። ሹካዬን ሳሳርፍበት በትልልቅ ነጭ ቅጠል ተገነጠለ፤ በየቅጠሉ መካከል ያለው እርጥበት እንደ ብርጭቆ ያበራል። ከተማችን ናይል ፐርችን የሚያውቀው በኮተሌት፣ በጉላሽና በለብለብ ነው፤ ሁሉም ይጣፍጣሉ፤ ነገር ግን በሁሉም ዓሣው እስኪደርቅ ይበስላል። ዓሣው ይህን ያህል ጣፋጭ ውኃ በውስጡ እንደያዘ በዚህ ዕድሜዬ ገና ማወቄ ነው።

ሶሱ የመጣው ከናንት አካባቢ፣ ከሎዋር ወንዝ ዳር ነው፤ ያም የወንዝ ዓሣ ማባያ ሆኖ የኖረ ነው። በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት በነጭ ወይንና በኮምጣጤ ተቀቅሎ መረቁ ሊያልቅ ሲል፣ ቀዝቃዛ ቅቤ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ በዝግታ ይመታል። ቢፈላ ቅቤው ተለይቶ ዘይት ይሆናል፤ ቢቀዘቅዝ ይረጋል። የእኛው ሳህን ላይ እንደ ክሬም ወፍሮ፣ ኮምጣጤው ከቅቤው ጀርባ ብቅ እያለ ቀረበ። ሽንኩርቱ ደግሞ ከውጭ የመጣ አይደለም። ፈረንሳዮች ለዚህ ሶስ የሚመርጡት ሻሎት የሚሉትን ትንሽ ሽንኩርት ሲሆን፣ የእኛ የአበሻ ቀይ ሽንኩርት የእርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። በዚህ ሶስ ውስጥ የዝዋዩን ወይን ብታስገቡበት ከቅቤው በቀር ሁሉም የስምጥ ሸለቆ ምግብ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

አንድ እንከን አገኘሁበት፤ ከሥሩ የተነጠፈው ድንች መሀሉ ጥሬ ነበር። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ድንች ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል፤ ሰዓቱ ማርሴይ ላይ የተለካ ሳይሆን አልቀረም።

ስለ ወይን አጭር ልሁን። የፈረንሳዩ ጠርሙስ ከ6,000 ብር ስለሚጀምር አልነካነውም፤ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ከተከለው የወይን እርሻ የሚወጣውን ነጩን ሪፍት ቫሊ በብርጭቆ 650 ብር ወሰድን፤ ከፐርቹ ጋር በጣም ይስማማል። ዳቦው ትኩስ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ጨመሩልን። የሎሚ ታርቱ ኮምጣጣነቱን ያልፈራ፣ ጥሩ ነው። ለባለቤቴ በቤቱ ስም አንድ ታርት ጨምረው አምጥተውላት ሂሳብ ውስጥ አላስገቡትም። ቡናው ተራ ነበር፤ የቡና አገር ዋና ከተማ ውስጥ ይህን መጻፍ ያሳፍራል።

ሂሳቡ እነሆ። ሁለት ሾርባ 1,900፣ ባሮው 700፣ ሙል 2,400፣ ሶሉ 4,200፣ ባሩ 3,600፣ ፐርቹ 1,950፣ ሁለት ታርት 1,300፣ ሁለት ብርጭቆ ወይን 1,300፣ ውኃ 300፣ ቡና 450፤ ድምሩ 18,100 ብር። በዚህ ላይ የአገልግሎት 10 በመቶ፣ በዚያም ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲታከል 22,896 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ። ሁለቱም ጭማሪ በዝርዝሩ ግርጌ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል፤ ስለዚህ የምታዩትን ዋጋ ሁሉ በሩብ ከፍ አድርጋችሁ ብታነቡት ይሻላችኋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ጀምሮ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዓሣ ዋጋው ለምን እንደዚህ እንደሆነ ይገባኛል፤ የማይገባኝ፣ ያ ሁሉ ምንዛሪ ወጥቶበት የመጣው ዓሣ ከቻሞው አንሶ መገኘቱን እያወቁ ቻሞውን በዝርዝሩ ግርጌ መደበቃቸው ነው። ከሳህኖቹ ሁሉ የፈረንሳይን ሙያ ሙሉ ለሙሉ ያሳዩን ሾርባውና ፐርቹ ናቸው፤ ሁለቱም ርካሾቹ ናቸው። የናንት ሰው የወንዙን ዓሣ፣ የማርሴይ ሰው የዐለቱን ዓሣ ይዞ ነው እነዚህን ምግቦች የፈጠረው፤ ማንም ከሌላ አህጉር አላስመጣም።

ይህንኑ ለዋና አብሳይዋ ለመናገር ቃል ስመርጥ፣ ስንወጣ በር ላይ ልትሰናበተን መጣችና ጋሼ ቀደሙኝ። በፈረንሳይኛ ስለ ቅቤው አመሰገኗት፤ እርሷ ግን በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብላ መለሰች። ሾርባው ከምን እንደሚሠራ ባለቤቴ ጠየቀቻት። ከፐርቹ ጭንቅላትና አጥንት ብቻ እንደሚሠራ፣ ሽሪምፕ ገብቶበት እንደማያውቅ ነገረቻት፤ ባለቤቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ አስተናጋጁን አየሁት፣ እርሱ መሬቱን አየ። ጋሼ ኮታቸውን እየለበሱ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አነሡ።

«ልጄ፣ ቆሮሶን ሙኒዬር አድርገሽው ታውቂያለሽ?»

አብሳይዋ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ጋሼ፣ እሱን እኮ በየቀኑ እንሠራዋለን፤ ለሠራተኛው ምሳ።»

«ስንት ሰዓት ነው የምትበሉት?» አሉ ጋሼ።